መዝገብ ላይ ያለ ሙከራ ሁሉ ይታመናል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሪያድ ነው። ወንድሜ ከፎቅ ወድቆ ህብለ ሰረሰሩ ተጎድቷል። «በአሜሪካው ክሊኒካል ትራያልስ መዝገብ የተመዘገበ የስቴም ሴል ሙከራ አለ» እያሉ ገንዘብ ጠየቁን። እንመናቸው?

መልስ፦ እግዜር ይማርልዎ። ምዝገባው ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ገጹን የሚሞላው የሙከራው ባለቤት ራሱ ነው፤ የአሜሪካ መንግሥት መርምሮ ፈቀደው ማለት አይደለም። ገንዘብ መጠየቃቸው ለእኔ ትልቁ የጥርጣሬ ምልክት ነው።

መጀመሪያ የገጹን የለውጥ ታሪክ ይዩ። ዋናው መለኪያ የእግር ጉልበት ተብሎ ተጀምሮ መጨረሻ ላይ የሕመም ስሜት ከሆነ፣ ያልተሳካውን በተሳካው ተክተው ይሆናል። ጉዳቱ የህብለ ሰረሰር ጉዳት ክብደት በሚለካበት፣ ከኤ እስከ ኢ ባለው የአሲያ (ASIA) ደረጃ ተለይቶ መጻፉንና ማነጻጸሪያ ቡድን መኖሩንም ይመልከቱ፤ ከፊል ጉዳት የደረሰበት ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ያለ ስቴም ሴልም ሊሻሻል ይችላልና። ሙከራ መቋረጡ በራሱ ነውር የለውም፤ የአሜሪካው ጄሮን ኩባንያ በ2010 እ.ኤ.አ. የጀመረውን ተመሳሳይ የስቴም ሴል ሙከራ በዓመቱ በገንዘብ ምክንያት አቁሟል። የሚያሳስበው ለዓመታት ሳይታደስ፣ ውጤትም ምክንያትም ሳይጻፍበት የቀረ ገጽ ነው።

ሕክምናው ሳውዲ ውስጥ ከሆነ፣ የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የራሱ የክሊኒካዊ ሙከራዎች መዝገብ አለው። እዚያ ካጡት አንድ ሪያል እንኳ አይክፈሉ።