የይለፍ ቃል አንድ ጊዜ ተቀብሎ አንድ ጊዜ ሲከለክል
ለንግድ ቤቶች የቀረበ ትምህርት

በንግድ ቤት ውስጥ ዘወትር ከሚታይ ብልሽት ይልቅ ብቅ ጥልቅ የሚል ብልሽት ይበልጥ ያስቸግራል። ጨርሶ የተሰበረ ቁልፍ ወዲያውኑ ይለወጣል፤ አንድ ቀን ከፍቶ አንድ ቀን እንቢ የሚል ቁልፍ ግን ባለቤቱን ሲያጠራጥር ይኖራል። በኔትዎርክ በተያያዙ ኮምፒውተሮች የሚሠሩ ነጋዴዎች ስለ ይለፍ ቃል (ፓስወርድ) የሚያሰሙት አቤቱታም ይህንኑ ይመስላል። ሠራተኛው ጧት የገባበትን ቃል ኮምፒውተሩ ከቀትር በኋላ «ስሕተት ነው» ይለዋል፤ በማግሥቱ ደግሞ ያለ አንዳች ጥገና ይቀበለዋል። በዚህ መካከል ኢንቮይሱ በተዘጋው ኮምፒውተር ውስጥ ይቀራል፤ በመጋዘን ባለው ዕቃም ላይ ኪራይ ይቆጠራል።

ነገሩ ግን የአጋጣሚ አይደለም። ምክንያቱን ለመረዳት የይለፍ ቃል ማረጋገጫ የት እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ማይክሮሶፍት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. ከዊንዶውስ 2000 ጋር ያወጣው አክቲቭ ዳይሬክተሪ የተባለው አሠራር በብዙ ድርጅቶች ይሠራበታል። በዚህ አሠራር የሠራተኞች ስምና የይለፍ ቃላቸው ማረጋገጫ ዶሜይን ኮንትሮለር በሚባሉ ሰርቨሮች ላይ ይመዘገባል፤ ሰርቨሮቹም ብዙውን ጊዜ ከአንድ በላይ ናቸው። ይህም አንድ የሒሳብ መዝገብ በዋናው መሥሪያ ቤትና በቅርንጫፉ በሁለት ቅጂ እንደ መያዝ ነው። በአንዱ የተጻፈው ወደ ሌላው እስኪገለበጥ ድረስ ሁለቱ መዛግብት አይስማሙም።

በተራራቁ ሥፍራዎች ባሉ ሰርቨሮች መካከል፣ ባለሙያው ካላሳጠረው በቀር፣ የመገልበጫው ጊዜ 180 ደቂቃ ነው። አዲስ የይለፍ ቃል ግን ይህን ያህል እንዳይዘገይ ፒ ዲ ሲ ኢሙሌተር ወደሚባለው አንድ ሰርቨር ወዲያውኑ ይላካል፤ ሌሎቹም ከመዝገባቸው ጋር የማይስማማ ቃል ሲቀርብላቸው ከመከልከላቸው በፊት እርሱን ይጠይቃሉ። እንግዲህ ዋናው መሥሪያ ቤት በአዲስ አበባ፣ ቅርንጫፉ በድሬዳዋ ነው እንበል። መስመሩ በተቋረጠ ጊዜ የድሬዳዋው ሰርቨር አዲሱን ቃል ገና አልተቀበለም፤ ለመጠየቅም አይችልም። ስለዚህ ትክክለኛውን ቃል ይከለክላል፤ አሮጌውን ይቀበላል። መስመሩ ሲመለስ ብልሽቱ በራሱ ይጠፋል።

ሁለተኛው ምክንያት ሰዓት ነው። ከርበሮስ የተባለው የማረጋገጫ ሥርዓት በሠራተኛው ኮምፒውተርና በሰርቨሩ መካከል የሚፈቅደው የሰዓት ልዩነት እንደ መደበኛው 5 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ሲበልጥ ጥያቄው ሊወድቅ ይችላል። መብራት ሲቋረጥ ውስጣዊ ባትሪው ያለቀ ኮምፒውተር ሰዓቱን ይስታል። እንዲሁም ሥልጣን ያለው አንድ ሠራተኛ፣ ኮምፒውተሩ ከጧቱ 8፡00 ሲል እርሱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2፡00 ብሎ ቢያስተካክለው፣ የ6 ሰዓት ልዩነት ይፈጥራል። ቆይቶ ሰዓቱ ከሰርቨሩ ተቀብሎ ሲታረም ችግሩ ይወገዳል፤ ምክንያቱም ሳይታወቅ ይቀራል። ለኢትዮጵያ አቆጣጠር የግድግዳው ሰዓት ይበቃል።

ሦስተኛው የተረሳ አሮጌ ቃል ነው። ሠራተኛው ቃሉን ከለወጠ በኋላ አሮጌው በእጅ ስልኩ የኢሜይል ሣጥን፣ ወይም ሳይዘጋ በተተወ ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ ሊቀር ይችላል። ያ መሣሪያ በየጊዜው አሮጌውን ቃል ያቀርባል፤ ድርጅቱ የወሰነው የስሕተት ቁጥር ሲሞላም የሠራተኛው መግቢያ ይቆለፋል። ሠራተኛው ግን አንድም ስሕተት አልሠራም።

ስለዚህ ችግሩ በደረሰ ጊዜ የሚከተለው ሥርዓት ቢጠበቅ ይጠቅማል።

1ኛ፤ የይለፍ ቃሉን ደጋግሞ መለወጥ አይገባም። እያንዳንዱ ለውጥ የማይስማሙትን መዛግብትና የተረሱትን አሮጌ ቃላት ያበዛል።

2ኛ፤ አንዳች ነገር ከመነካቱ በፊት ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የኮምፒውተሩ ስም፣ መልስ የሰጠው ሰርቨርና የታየው መልእክት ቃል በቃል በደብተር ይጻፍ።

3ኛ፤ ጥቂት ጊዜ ከተመዘገበ በኋላ ጽሑፉ ይመርመር። ክልከላው ሁልጊዜ ከአንድ ሰርቨር ከመጣ የመዝገቡ መገልበጥና መስመሩ ይፈተሹ። በአንድ ኮምፒውተር ብቻ ከታየ ሰዓቱ ይታይ። አንድን ሠራተኛ በየሄደበት ከተከተለው አሮጌው ቃል ይፈለግ።

4ኛ፤ መግቢያ ሲቆለፍ ባለሙያው በሰርቨሩ የደኅንነት መዝገብ ውስጥ ቁጥር 4740 የተባለውን ማስታወሻ ያንብብ። ማስታወሻው ስሕተቱ ከየትኛው ኮምፒውተር እንደ መጣ ብዙውን ጊዜ ይገልጻል። ያ ኮምፒውተር የድርጅቱ ካልሆነ፣ ጉዳዩ የብልሽት ሳይሆን ቃሉን ለመገመት የሚሞክር የሌባ ሥራ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ይመርመር።

አንዳንድ ንግድ ቤቶች ከድካሙ ለማረፍ ሲሉ ለሁሉም ሠራተኞች አንድ ቃል ይሰጣሉ፤ ወይም መቆለፊያውን ጨርሰው ያነሣሉ። ይህ በሩ አስቸገረ ብሎ ሱቅን ከፍቶ እንደ ማደር ነው። ገንዘብ ወይም ሰነድ በጠፋ ጊዜ ማን እንደ ገባ ለማወቅ አይቻልም፤ ንጹሑም ከበደለኛው ጋር ይጠረጠራል። እንዲሁም «ኮምፒውተሩን ልጠግን ነው» ብሎ በስልክ የይለፍ ቃል ለሚጠይቅ ሰው መስጠት ፈጽሞ አይገባም፤ እውነተኛ ጠጋኝ የሠራተኛውን ቃል ሳያውቅ አዲስ ሊያወጣለት ይችላልና።

ጥሩ ነጋዴ የጎደለ ሒሳብ ሲያገኝ መዝገቡን ከመሰረዙ በፊት ከደረሰኙ ጋር ያስተያያል። ለይለፍ ቃልም መንገዱ ይኸው ነው፤ አስቀድሞ መመዝገብ፣ ቀጥሎ ማስተያየት፣ በመጨረሻም መጠገን።