72 ሰዓት፣ 14 ቀን፣ ኤፍኤፍፒ2፦ የአውሮፓ የኮቪድ ጊዜ የጉዞ ሕጎች ለምን ወጡ? ዛሬስ ምን ያስተምሩናል?



በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትልኩልኝ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ ወደ አውሮፓ ልሄድ ነው፤ አሁንም የኮቪድ ክትባት ወረቀት ይጠይቃሉ? ማስክስ ግዴታ ነው?» የሚል ነው። መልሱ አጭር ነው፦ ያ ዘመን አልፏል። የአውሮፓ ኅብረት ዲጂታል የኮቪድ ሰርተፍኬት ጁላይ 1 ቀን 2021 ሥራ ጀምሮ ጁን 30 ቀን 2023 አብቅቷል። (ቀኖቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ከጥያቄው ቀጥሎ የሚመጣው አስተያየት ግን ያሳስበኛል። «ካነሱት እኮ ድሮም ውሸት ነበር ማለት ነው!» ትሉኛላችሁ። እንደዚያ አይደለም። ሕጎቹ የተሠሩት ከሁለት ነገር ነው፦ ከሕክምና ሳይንስ እና ከመንግሥታት ውሳኔ። ሁለቱን ለይቶ ያወቀ ሰው ነገ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ በወሬ አይደናገርም፤ ዛሬም ሲጓዝ ራሱንና ቤተሰቡን መጠበቅ ያውቅበታል። ስለዚህ አንድ በአንድ እንያቸው።

1. ምርመራ፦ ለምን 72 ሰዓት?

ሰርተፍኬቱ ሦስት ዓይነት ነበር፦ ለተከተበ፣ ለተመረመረ እና ታሞ ለዳነ ሰው።

የፒሲአር ውጤት የሚያገለግለው ናሙናው ከተወሰደበት ጊዜ ጀምሮ ለ72 ሰዓት ነበር። ፈጣኑ የአንቲጅን ምርመራ ደግሞ መጀመሪያ 48 ሰዓት ነበር፤ ከፌብሩዋሪ 2022 ጀምሮ ወደ 24 ሰዓት ወረደ። ለምን ተለያዩ? ፒሲአር የቫይረሱን የዘር ቅንጣት እያባዛ ስለሚፈልግ ጥቂት ቫይረስ ቢኖርም ያገኘዋል። አንቲጅን የሚፈልገው የቫይረሱን ፕሮቲን ነው፤ ቫይረሱ አፍንጫችን ውስጥ በብዛት ካልተራባ ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ የአንቲጅን «ኔጌቲቭ» ቶሎ ያረጃል።

አንድ ሰው ሰኞ ተመረመረ እንበል። ማክሰኞ የስንብት ግብዣ ላይ ተያዘ። ረቡዕ ማታ በረረ። ወረቀቱ ኔጌቲቭ ይላል፤ ሰውዬው ግን ቫይረሱን ይዟል። በመጀመሪያው የቫይረሱ ዝርያ ምልክት ለማየት በአማካይ ከ5 እስከ 6 ቀን ይወስድ ነበር፤ በኦሚክሮን ጊዜ ወደ 3 ቀን ገደማ አጠረ። ስለዚህ ምርመራ በር ላይ ያለ ወንፊት ነው እንጂ ግድግዳ አይደለም። ብዙውን ይይዛል፣ የተወሰነ ያሳልፋል። ምርመራ ተደርጎም ማስክ ይጠየቅ የነበረው ለዚህ ነው።

ታሞ የዳነ ሰው ወረቀቱ የሚሠራለት መጀመሪያ ፖዘቲቭ ከሆነ ከ11ኛው ቀን ጀምሮ እስከ 180ኛው ቀን ድረስ ነበር። ፒሲአር ከዳንን በኋላም የሞተ የቫይረስ ርዝራዥ እያገኘ ለሳምንታት «ፖዘቲቭ» ሊል ይችላል። ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ ጤነኛ ሰው በማያስተላልፈው ርዝራዥ ምክንያት ከጉዞው ይቀር ነበር።

2. ክትባት፦ ቀኑ እና ስሙ

በኅብረቱ ደረጃ የሚጠየቀው የመጨረሻው ክትባት ከተወሰደ 14 ቀን እንዲሞላ ነበር። ሰውነታችን መርፌውን በወሰደ ማግስት አይጠበቅም፤ መከላከያ ለመሥራት ጊዜ ይፈልጋል። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2022 ላይ ደግሞ ጣሪያ መጣ፦ ማጠናከሪያ ያልወሰደ ሰው ወረቀቱ ለጉዞ የሚያገለግለው ለ270 ቀን ብቻ ሆነ። መከላከያው እየቀነሰ እንደሚሄድ ስለታየ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሳይንስ ነው። የቀኑ ቁጥር ግን ከሀገር ሀገር ይለያይ ነበር። ፈረንሳይ በ2021 ክረምታችን ላይ ለሁለት ዙር ክትባቶች 7 ቀን፣ ለጆንሰን ክትባት ግን 28 ቀን ትጠይቅ ነበር። ሰውነታችን ድንበር ሲሻገር አይለወጥም፤ የተለያየው የሚመለከታቸው ሰዎች ፍርድ ነው።

እኛን በቀጥታ የነካው የክትባቱ ስም ጉዳይ ነው። ማርች 2021 ላይ በኮቫክስ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የገባው የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ገደማ ዶዝ አስትራዜኔካ የተመረተው ሕንድ ውስጥ ሲሆን የንግድ ስሙ ኮቪሺልድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአስቸኳይ ጊዜ አገልግሎት አጽድቆታል። የአውሮፓ መድኃኒቶች ኤጀንሲ ፈቃድ የሰጠው ግን አውሮፓ ውስጥ በሌላ ስም ለሚሸጠው አስትራዜኔካ ነው። ኤጀንሲው ፈቃድ የሚሰጠው ለቀመሩ ብቻ ሳይሆን ለተመረተበት ፋብሪካም ጭምር ነው። ስለዚህ ያው ክትባት በሌላ ፋብሪካ በመመረቱ ብቻ በኅብረቱ ዝርዝር ውስጥ ወዲያው አልገባም። ብዙ ሀገሮች በየራሳቸው ውሳኔ ተቀበሉት፤ ፈረንሳይ ለምሳሌ በጁላይ 2021 ተቀብላለች። ሲኖፋርም የወሰዱ ሰዎችም ተመሳሳይ ችግር ገጥሟቸዋል። በፌብሩዋሪ 2022 የኅብረቱ ምክር ቤት የዓለም ጤና ድርጅት ያጸደቃቸውን ክትባቶች የወሰዱ መንገደኞችም እንዲገቡ አባል ሀገራቱን መከረ፤ ፒሲአር የመጠየቅ መብታቸውን ግን አስቀረላቸው።

ልብ በሉ፦ «አውሮፓ ስላልተቀበለው የእኛ ክትባት ውሃ ነው» የሚለው ወሬ ትክክል አልነበረም። የፈቃድ ወረቀት ጉዳይ ሌላ፣ ክትባቱ ሰውነት ውስጥ የሚሠራው ሥራ ሌላ።

3. ድንበር መዝጋት፦ ምን ያህል ሠራ?

የኅብረቱ መሪዎች አስፈላጊ ያልሆነ ጉዞን ከውጭ ለመገደብ የተስማሙት ማርች 17 ቀን 2020 ነው። ጁን 30 ላይ እንዲከፈትላቸው የተመከረላቸው ሀገሮች ዝርዝር ወጣ፤ ከአፍሪካ አልጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ቱኒዚያ እና ሩዋንዳ ብቻ ነበሩበት።

እንግሊዝ የራሷ «ቀይ መዝገብ» ነበራት። ኢትዮጵያ ከማርች 19 እስከ ኦክቶበር 11 ቀን 2021 ድረስ እዚያ ውስጥ ነበረች። ነዋሪ የሆነ ሰው ከእኛ ሀገር ሲመለስ ሆቴል ውስጥ ለ10 ቀን ተለይቶ ይቆይ ነበር። ወጪው በራሱ ኪስ ነው፦ መጀመሪያ 1,750 ፓውንድ፣ ከኦገስት 12 በኋላ 2,285 ፓውንድ ለአንድ ሰው። ባለፉት 10 ቀናት ውስጥ በቦሌ ትራንዚት አድርጎ አውሮፕላን የቀየረ መንገደኛም ይነካው ነበር። ለቅሶ ለመድረስ መጥቶ በዚህ ዋጋ የተመለሰ ዘመድ ያላችሁ ታስታውሱታላችሁ።

10 ቀኑ የሕክምና መሠረት አለው፤ የተያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እስከዚያ ምልክት ያሳያል ወይም በ2ኛውና በ8ኛው ቀን ምርመራ ይገኛል። አንድን ሀገር ነጥሎ መዝጋት ግን ብዙ ጊዜ የሚደረገው ቫይረሱ ካለፈ በኋላ ነው። ኦሚክሮንን ውሰዱ። ኖቬምበር 26 ቀን 2021 ስም ሲወጣለት አውሮፓ ወዲያውኑ በደቡባዊ አፍሪካ ሀገሮች ላይ በሯን ዘጋች። ከቀናት በኋላ የኔዘርላንድስ የጤና ተቋም ኖቬምበር 19 እና 23 የተወሰዱ ናሙናዎች ውስጥ ኦሚክሮንን ማግኘቱን አሳወቀ። ማለትም በሩ ሲዘጋ ቫይረሱ ቤት ውስጥ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም በጅምላ ጉዞ መከልከልን ተቃውሟል፤ ቫይረሱን ፈልጎ በግልጽ የተናገረን ሀገር መቅጣት ሌላው እንዲደብቅ ያደርጋልና።

4. ማስክ፦ ለምን ኤፍኤፍፒ2?

የተለመደው የሕክምና ማስክ ከአፋችን የሚወጣውን ጠብታ በደንብ ይይዛል፤ ጎንና ጎኑ ግን ክፍት ነው፣ አየር በዚያ ይገባል። ኤፍኤፍፒ2 ደግሞ ፊት ላይ እንዲጣበቅ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ በአውሮፓ መለኪያ ቢያንስ 94 በመቶ ጥቃቅን ብናኝ ማጣራት አለበት። ኮቪድ በተዘጋ ቦታ አየር ላይ ሊቆይ እንደሚችል ሲታወቅና የሚተላለፉት ዝርያዎች ሲፈጥኑ አንዳንድ ሀገሮች ወደዚህኛው ዞሩ። ኦስትሪያ በጃንዋሪ 2021፣ ጣሊያን በዲሴምበር 2021 በትራንስፖርት ላይ አስገዳጅ አደረጉት።

ሲነሳም በአንድ ጊዜ አልተነሳም። ጁላይ 2022 ላይ የተጓዘ ሰው ኮፐንሃገንና ፓሪስ ሜትሮ ውስጥ ያለ ማስክ ይገባል፤ ማድሪድ ሲደርስ ማንኛውንም ማስክ ያደርጋል፤ ሮምና ቪየና ላይ ግን ኤፍኤፍፒ2 ካልሆነ አይሆንም። ጀርመን በረጅም ርቀት ባቡሮች ላይ እስከ ፌብሩዋሪ 2023 መጀመሪያ፣ ስፔንም እስከዚያው ወር ድረስ ቆይተዋል። አንዳንዱ አየር መንገድ ደግሞ የመድረሻውን ሀገር ሕግ ስለሚከተል በአንድ ትኬት ሁለት ሕግ ያጋጥም ነበር።

ይህ ልዩነት ማስክ እንደማይሠራ አያሳይም። የሚያሳየው እያንዳንዱ ሀገር «ስንት ሰው ተከትቧል? ሆስፒታላችን ምን ያህል ሞልቷል? ሕዝቡ ምን ያህል ሰልችቶታል?» ብሎ ለየብቻው መወሰኑን ነው።

5. ታዲያ ለምን ተነሳ?

ቫይረሱ ስለጠፋ አይደለም። ብዙ ሰው በክትባትም በመያዝም መከላከያ ስላገኘ፣ ሆስፒታል የሚገባውና የሚሞተው ስለቀነሰ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሜይ 5 ቀን 2023 ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ሁኔታነቱ አበቃ ያለውም ለዚህ ነው። ዝናብ ሲያባራ ጃንጥላ ማጠፋችን ጃንጥላው ውሸት ነበር ማለት ነው እንዴ?

6. ዛሬ ለሚጓዝ ሰው

ግዴታ ሲነሳ ውሳኔው ወደ እናንተ ይመጣል። እኔ የምመክረው ይህንን ነው፦

አንደኛ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ኩላሊት እጥበት ላይ ያሉ፣ የካንሰር ሕክምና የሚወስዱ ወይም የሰውነት መከላከያን የሚቀንስ መድኃኒት የሚጠቀሙ ሰዎች አውሮፕላንና የተጨናነቀ ኤርፖርት ውስጥ ኤፍኤፍፒ2 ቢያደርጉ ጥሩ ነው። አፍንጫ ላይ ያለውን ሽቦ ጫን አድርጋችሁ ግጠሙት። ጢም ካላችሁ በደንብ አይገጥምም። ቫልቭ ያለው ዓይነት የምትተነፍሱትን አየር ሳያጣራ ስለሚያስወጣ እናንተን እንጂ አጠገባችሁ ያለውን አይጠብቅም። ኤፍኤፍፒ2 ለሕፃናት ፊት ልክ የተሠራ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ሳልና ትኩሳት ካላችሁ ሌላ ሰው እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ፤ ከቻላችሁ ጉዞውን አራዝሙ፣ ካልቻላችሁ ማስክ አድርጉ። የምትጠይቋት እናት ወይም አያት ካለች ደግሞ በተለይ።

ሦስተኛ፣ የጤና ወረቀታችሁን በፈረንጅ ዓይን አንብቡት። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም።

ቀን፦ ሰኔ 5 ቀን 2013 በእኛ አቆጣጠር የተከተበ ሰው ካርዱ ላይ 05/10/2013 ተብሎ ከተጻፈለት አውሮፓ ያለ ባለሙያ «ኦክቶበር 5 ቀን 2013» ብሎ ነው የሚያነበው። ኮቪድ የሚባል በሽታ ባልነበረበት ዘመን የተሰጠ የኮቪድ ክትባት ይሆናል ማለት ነው! ትክክለኛው ጁን 12 ቀን 2021 ነው።

ሰዓት፦ ጠዋት 2፡30 የተወሰደ ናሙና እንዲሁ «2፡30» ተብሎ ከተጻፈ እነሱ ሌሊት አድርገው ይቆጥሩታል። ከ72ቱ ላይ 6 ሰዓት በከንቱ ይሄዳል።

ስም፦ እስከ አያት ድረስ፣ ፊደሉ ከፓስፖርት ጋር አንድ ዓይነት ይሁን። ፓስፖርት ላይ ተለያይቶ የተጻፈ ስም ወረቀቱ ላይ ተያይዞ ከተጻፈ ሌላ ሰው ሊመስል ይችላል።

ይህ ለኮቪድ ብቻ አይደለም፤ ለቢጫ ወባ ካርድ፣ ለላቦራቶሪ ውጤት፣ ለሐኪም ደብዳቤም ይሠራል።

አራተኛ፣ ጉዟችሁ ከአውሮፓ አልፎ ወደ ሌላ አህጉር የሚቀጥል ከሆነ የቢጫ ወባ ክትባት ይጠየቅ እንደሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ። ካርዱ መሥራት የሚጀምረው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ከጁላይ 2016 ጀምሮ ደግሞ አንዴ የተወሰደ ክትባት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ «10 ዓመት ስላለፈው ድገም» ከተባላችሁ ይህንን ንገሯቸው።

አምስተኛ፣ መረጃ የምትወስዱት ከኤምባሲውና ከአየር መንገዱ ይሁን። ደላላ የሚሸጠውን የተጭበረበረ ወረቀት በጭራሽ አትንኩ። የጉዞ እገዳ ሊያመጣ ከመቻሉ በላይ፣ በሐሰት «ተከትቧል» የተባለ ሰው ታሞ ሲመጣ ሐኪሙን ያሳስታል።

የመግቢያ ሕግ የሚነግራችሁ ድንበር ላይ የምትጠየቁትን ብቻ ነው። ጤናችሁን የሚጠብቀው ግን ምክንያቱን ማወቃችሁ ነው።

ጉዞ ላለው ወዳጅ ዘመድ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ እመልሳለሁ።

መልካም መንገድ፣ ጤና ይስጥልን!