የአፈር ግድብ፦ የከብት ነጋዴ ማወቅ ያለበት

እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 1988 ካርቱም ላይ በአንድ ቀን ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ወረደ። ይህ ከተማዋ በዓመት ከምታገኘው አማካይ ይበልጣል። ውሃው መውጫ አጥቶ ብዙ የጭቃ ቤት አፈረሰ። በጋውን ደርቆ የሚከርም ኾር በክረምት በሰዓታት ውስጥ ሊሞላ ይችላል።

ይህን ድንገተኛ ጎርፍ ለማብረድ በሱዳን ገጠር ኾሩን አቋርጦ አነስተኛ የአፈር ግድብ ይሠራል። ግድቡ ጎርፉን ይይዝና ቀስ በቀስ ይለቃል፤ የቀረውን ውሃ በበጋ ከብት ይጠጣዋል።

የአፈር ግድብ ዋና ጠላቱ በአናቱ ላይ የሚያልፍ ውሃ ነው። ስለዚህ ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ማስተንፈሻ ይደረግለታል። ማስተንፈሻው በደለል ወይም በቁጥቋጦ ከተዘጋ ውሃው አናቱን ተሻግሮ አፈሩን ይሸረሽራል። በአናቱ ላይ የሚነዳ መንጋም መንገድ ያበጃል፤ መንገዱ ዝቅ ስለሚል ጎርፉ መጀመሪያ የሚሻገረው በዚያ ነው። ከግድቡ ግርጌ የሚወጣ ውሃ ከደፈረሰ ደግሞ ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው ማለት ነው።

በኢትዮጵያ አዋሳኝ በሆነው በብሉ ናይል ግዛት የሚገኘው የቡት የአፈር ግድብ እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2020 በከባድ ዝናብ ፈረሰ። 5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይይዝ ነበር፤ ከ600 በላይ ቤቶች ወደሙ።

ለነጋዴው ትምህርቱ በሒሳብ ይታያል። ለምሳሌ 100 በግ ለማቆየት በቀን የሚወጣው የመኖና የእረኛ ወጪ የአንድ በግ ዋጋ ያህል ቢሆን፣ ጎርፉ እስኪያልፍ ሁለት ቀን ከፍታ ላይ መጠበቅ ሁለት በግ ያስከፍላል። ከግድቡ በታች ኾር ውስጥ ያደረ መንጋ ግን በአንድ ሌሊት ሙሉ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል።

ጎርፉ ካለፈ በኋላም ኪሳራው አያበቃም። በተኛው ውሃ የሚራቡ ትንኞች የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትን ያዛምታሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 በሽታው በሱዳን ሲቀሰቀስ ሳዑዲ ዓረቢያ የሱዳን የቁም እንስሳት እንዳይገቡ አግዳ ነበር። እገዳ ሲመጣ ጤነኛው በግም ገበያ ያጣል።

ስለዚህ በክረምት የሚነዳ ነጋዴ መንጋውን ከኾር ውጪ ያሳድራል፣ በግድቡ አናት አያሻግርም፣ የደፈረሰ ውሃ ሲያይ ለመንደሩ ሰው ይናገራል። ከብቶቹ ሲያስወርዱ ካየም ሳይነዳ ሐኪም ይጠራል።