ትምህርት ዐሥራ አንድ፤ የጉዞ ትረካና የቦዝ አንቀጽ አገባብ

ያየውንና የደረሰበትን በጽሑፍ ለማስተላለፍ የሚሞክር ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚቸገረው በድርጊቶች ቅደም ተከተል ነው። የቱ ቀደመ? የቱ ተከተለ? የትኛው ድርጊት ገና ሳይፈጸም በሌላ ተቋረጠ? ግዳይ የጣለ አዳኝ በፉከራው ላይ ይህን ቢያደባልቅ የሚወቅሰው የለም፤ የጉዞ ትረካ የሚጽፍ ሰው ግን አንባቢው በቦታው ስላልነበረ ሁሉንም በየተራው ሊነግረው ይገባል። በአማርኛ ይህን ተግባር በይበልጥ የሚያከናውነው ቦዝ አንቀጽ ነው።

ከዚህ በታች ያለውን ምንባብ በሚገባ ለመረዳት አገሩን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በይፋት ቆላ የምትገኝ ከተማ ናት። በስተላይ ያለው የጣርማበር ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ሲኖረው፣ ከተማይቱ ያለችው በ1300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሮቢና ጀውሃ የተባሉት ወንዞች ከደጋው ተነሥተው ይህን ቁልቁለት በመውረድ ወደ አዋሽ ያመራሉ። ስለዚህም በደጋ የጣለ ዝናብ፣ የቆላው ሰማይ ጠርቶ ሳለ፣ ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል፤ ደራሽ ውሃ መባሉም በዚህ ምክንያት ነው። በአዋሽ ተፋሰስ ከሚገኙት ዓሦች አንዱ አምባዛ ነው። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ በአፉ ዙሪያ ረጃጅም ጢሞች አሉት፤ ከስንጥቡ ሌላ አየር የሚስብበት አካል ስላለው ውሃ ሲጎድል በጭቃ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። በባሮ ወንዝና በጫሞ ሐይቅ እንደሚጠመደው እንደ ናይል ፐርች ከሰው የሚከብድ ባይሆንም፣ መንጠቆ ሲይዘው በቀላሉ እጁን የሚሰጥ ዓሣ አይደለም።

ምንባብ

ወሩ ሚያዝያ ነበር። ከጓደኛዬ ጋር ማልደን ተነሥተን፣ የሽንኩርቱን ማሳ አቋርጠን ወደ ሮቢ ወንዝ ወረድን። እርሱ የሸንበቆ ዘንግ፣ እኔ የትል ጣሳ ይዘናል። ወንዙ ጎድሎ በድንጋዮች መካከል እየተሹለከለከ ይፈሳል፤ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ግን ውሃው ጠልቆ ተኝቷል።

«እዚህ ነው የሚደበቀው፤ ዝም በል» አለኝ ጓደኛዬ በሹክሹክታ። ትሉን መንጠቆው ላይ ሰክቶ፣ ክሩን ጥሎ፣ ከአንድ ድንጋይ ላይ ቁጢጥ አለ። ቡሹ ሳይነቃነቅ ብዙ ሰዓት ቆየ። ቀትር ሲያልፍ እኔ ተስፋ ቆርጬ የወደቀውን የሾላ ፍሬ እለቅም ጀመር። ድንገት ቡሹ ጠለቀ። ዘንጉ ጎበጠ፤ ክሩ እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ። ክንድ የሚያህል አምባዛ ጥቁር ጀርባውን አሳይቶ ተመልሶ ሰጠመ።

በዚያን ጊዜ ፍየል የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን እያወዛወዙ ከማዶ ተጣሩ። «እናንተ ልጆች! ውጡ! ውሃውን አታዩምን?»

ውሃውን አየሁ። ደፍርሶ ነበር። ቅጠልና ጭራሮ ተሸክሞ ይወርዳል። ከበላያችን ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ወደ ጣርማበር ስመለከት ግን ተራራው በጥቁር ደመና ተሸፍኗል።

«ልቀቀው!» አልሁት።

«ደረሰልኝ እኮ! ጥቂት ብቻ ጠብቀኝ!»

ክንዱን ጨብጬ ጎተትሁት። ዓሣውን አየ፤ እኔን አየ፤ ቢላዋውን አውጥቶ ክሩን ቆረጠው። ዳገቱን ወጥተን ዘወር ስንል፣ ጓደኛዬ ተቀምጦበት የነበረው ድንጋይ በውሃ ተውጧል። ደራሹ ግንድ እያንከባለለ አለፈ። ሽማግሌው አንድ ነገር ይነግሩን ነበር፤ ነገር ግን ከወንዙ ድምፅ የተነሣ የሚሉት አልተሰማንም፤ በበትራቸው ብቻ ወደ ከተማው ያመለክቱን ነበር።

ማብራሪያ

«ማልደን ተነሥተን፣ የሽንኩርቱን ማሳ አቋርጠን ወደ ሮቢ ወንዝ ወረድን» በሚለው ዐረፍተ ነገር «ማልደን»፣ «ተነሥተን» እና «አቋርጠን» ቦዝ አንቀጾች ናቸው። ቦዝ አንቀጽ ብቻውን ዐረፍተ ነገር አይዘጋም፤ ማሰሪያ አንቀጽ ይፈልጋል፤ እዚህ ማሰሪያው «ወረድን» ነው። ሁሉም ባለቤታቸው «እኛ» መሆኑን አስተውሉ። የሁለቱ ድርጊቶች ባለቤት የተለያየ ሲሆን «እኔ ገብቼ ዓሣው ሸሸ» ከማለት «እኔ ስገባ ዓሣው ሸሸ» ማለት ይሻላል። ሆኖም የመጀመሪያው ድርጊት ለሁለተኛው ምክንያት ሲሆን «ዝናብ ዘንቦ ጎርፍ መጣ» ማለት የተለመደ ነው።

ቦዝ አንቀጽ ሲበዛ ግን ጉዳት አለው። «ዘንጉ ጎብጦ፣ ክሩ ተወጥሮ፣ ዓሣው ታይቶ፣ ሽማግሌው ተጣርተው፣ ውሃው ደፍርሶ፣ ፈርተን ወጣን» ብንል ሰዋስዉ ላይፈርስ ይችላል፤ አደጋው ግን ከሌሎቹ ጋር እኩል ተሰልፎ ይጠፋል። የምንባቡ ጸሐፊ መንገዱን በቦዝ አንቀጽ ፈጥኖ አልፎ፣ አደጋው ሲቃረብ እያንዳንዱን ድርጊት በየራሱ ማሰሪያ ዘግቶታል። «ዓሣውን አየ፤ እኔን አየ» የሚለው ሐረግ የጓደኛውን ማመንታት የሚያሳየው በዚህ መንገድ ነው። «አመነታ» የሚል ቃል አላስፈለገም።

ከሁሉ ይበልጥ ልትመረምሩት የሚገባው «ደፍርሶ ነበር» የሚለውን የሩቅ ኀላፊ ነው። «ውሃው ደፈረሰ» ቢል ኖሮ ተራኪው ሲደፈርስ እያየ ነበር ማለት ይሆናል። «ደፍርሶ ነበር» በማለቱ ግን ለውጡ የተፈጸመው ሁለቱ ልጆች ዓይናቸውን በዓሣው ላይ ተክለው ሳሉ መሆኑን እንረዳለን፤ ከማዶ የነበሩት ሽማግሌ ቀድመው ያዩትም ስለዚህ ነው።

መልመጃ

ሀ. ከምንባቡ ውስጥ አምስት ቦዝ አንቀጾችን ከነማሰሪያቸው አውጥታችሁ የእያንዳንዱን ባለቤት ጻፉ።

ለ. «ተጣሩ»፣ «በትራቸውን» እና «ያመለክቱን ነበር» የተባለው ስለ አንድ ሰው ሲሆን በብዙ ቍጥር የተነገረበትን ምክንያት አስረዱ።

ሐ. ይህንኑ ታሪክ ከማዶ ሆነው ሲመለከቱ በነበሩት ሽማግሌ አንደበት፣ ከአንድ ገጽ ሳይበልጥ ጻፉ። ውሃው መደፍረስ ሲጀምር ሽማግሌው እያዩት ስለ ነበር በየትኛው ጊዜ እንደምትገልጹት አስቀድማችሁ ወስኑ።