«እወስድ ነበር» እና «እወስዳለሁ»

በእንግሊዝኛ ቶሎ ቶሎ የምትነገር አንዲት አባባል አለች፤ «ዩዝድ ቱ» ትባላለች። ትንሽ ናት፤ ግን ብዙ ሰው ታሳስታለች። እስቲ ዛሬ እሷን እንመልከት።

ዱባይ ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት እኅታችን ሐኪም ፊት ቀረበች እንበል። የደም ግፊት አለባት፤ መድኃኒቷን አንድም ቀን አታቋርጥም። ሐኪሙ ሲጠይቃት «አይ ዩዝድ ቱ ቴክ ማይ ሜዲስን» አለችው። እሷ «መድኃኒቴን ሁልጊዜ እወስዳለሁ» ማለቷ ነው። እሱ የሰማው ግን «ድሮ እወስድ ነበር፤ አሁን ትቻለሁ» የሚል ነው። ግፊቷን ሲለካ ከፍ ብሎ ቢያገኘው «ስላቋረጠች ነው» ብሎ ያንኑ መድኃኒት መልሶ ያዝላታል። መድኃኒቱ አልበቃት ብሎ እንደሆነስ? ያንን ማን ይጠይቅ!

ስሕተቱ የሚመጣው «ዩዡዋሊ» ከምትለው ቃል ጋር ስለሚምታታብን ይመስለናል። «ዩዡዋሊ» ማለት «አብዛኛውን ጊዜ» ነው። «ዩዝድ ቱ» ግን ያለፈውን ብቻ ነው የምትናገረው፤ የእኛን «ነበር» ትመስላለች። «ሺ ዩዝድ ቱ ሊቭ ኢን ደሴ» ብንል «ደሴ ትኖር ነበር» ማለት ነው፤ ሰሚው ዛሬ እዚያ እንደሌለች ይረዳል። እኅታችንም «አይ ቴክ ማይ ሜዲስን ኤቭሪ ዴይ» ብትል ኖሮ ነገሩ ባልተበላሸ።

አሁን ደግሞ ከፊቷ «አም» ስትገባ ምን እንደሚሆን ልብ እንበል። «አይ ዩዝድ ቱ ዎክ» ስንል «በእግሬ እሄድ ነበር» ነው። «አይ አም ዩዝድ ቱ ዎኪንግ» ስንል ግን «በእግር መሄድ ለምጃለሁ» ይሆናል። ያቺ «አም» ገብታ ትርጉሙን ገለበጠችው፤ ግሡም መጨረሻው ላይ «ኢንግ» ጨመረ። «ሙቀቱን ለምጄዋለሁ» ለማለትም እንዲሁ «አይ አም ዩዝድ ቱ ዘ ሂት» ነው።

ስለ አነጋገሯም አንድ ነገር እንበል። ባለቋንቋዎቹ ሲናገሯት ፈጠን ብለው «ዩስቱ» ነው የሚሉት፤ «ዲ» የምትባለው ፊደላቸው አትሰማም። ስንጽፍ ግን አንተዋትም። የምትቀረው «ዲድ» ስትቀድም ነው። ሐኪሙ «ዲድ ዩ ዩዝ ቱ ስሞክ?» ቢላችሁ የሚጠይቀው ድሮ ታጨሱ እንደሆነ ነው እንጂ ስለዛሬው አይደለም። ሲጋራ በአፋችሁ ዞሮ የማያውቅ ከሆነ «ኖ፣ ኔቨር» በሉት፤ ይበቃዋል።