ከኋላ ጓዳው ጀምሪ

ምላጩን ለጊዜው አስቀምጪውና ስሚኝ። የኮራል ገንዳሽን የጀርባ ጥቁር ልጣፍ ፍቀሽ መብራት ማስገባትሽን አልቃወምም፤ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ጊዜው ሲደርስ እኔው አግዝሻለሁ። ግን ገንዳው ውሃ ከያዘ ገና ሁለት ወሩ ነው፤ አንቺ ደግሞ በአንድ ቅዳሜ መብራቱንም፣ ፓምፑንም፣ ማጣሪያውንም ልትለውጪ ተነስተሻል። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። እያንዳንዱን ዕቃ ከመግጠምሽ በፊት «እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ይሄ ቢበላሽ ምን ይፈጠራል?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱን ሳታውቂ ምንም አትግጠሚ።

እንደ ፍሉቫል ኢቮ፣ እንደ ባዮኪዩብ ያሉት ሁሉን በአንድ የያዙ ገንዳዎች አሠራራቸው ቀላል ነው። ውሃው በፍርግርጉ በኩል ከፊት ወደ ኋላ ጓዳ ይገባል፤ በማጣሪያው ያልፋል፤ መጨረሻው ክፍል ውስጥ ያለው ፓምፕ መልሶ ወደ ፊት ይገፋዋል። ውሃ ሲተን ታዲያ ከፊት ከፍታው አይቀንስም፤ የሚጎድለው የፓምፑ ክፍል ነው። ሶፋ ላይ ቁጭ ብለሽ ስታዪው ሙሉ ይመስልሻል፣ ከኋላ ግን ፓምፑ አየር መሳብ ጀምሯል። የዚህ ዓይነት ገንዳ ችግር አብዛኛው ከኋላ ነው የሚነሳው፤ ሥራሽንም ከዚያ ጀምሪ።

የሚተነው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው፤ ጨው እዚያው ይቀራል። ገንዳሽ 52 ሊትር ይባል እንጂ ድንጋዩና አሸዋው የያዙት ቦታ ሲቀነስ ውሃው 45 ሊትር ቢሆን ነው። ብርዱ ገብቶ የቤቱ ሂተር አየሩን ሲያደርቀው በቀን አንድ ሊትር ተነነ እንበል። ከ35 የተነሳው ጨዋማነት በሦስት ቀን 37 ተኩል ደረሰ ማለት ነው። ከዚያ አንቺ ትዝ ሲልሽ ሦስት ሊትር ባንዴ ትገለብጪበታለሽ፣ ዝቅ ይላል። ኮራሎቹን የሚያደክማቸው ይሄ መውጣት መውረድ ነው። ቀይ ባሕር እስከ 40 ይደርስ የለም ወይ ትዪኝ ይሆናል። ይደርሳል፤ የዚያ ኮራሎች ግን እዚያው ተፈጥረው እዚያው ያደጉ ናቸው። ያንቺዎቹ 35 ላይ ነው ያደጉት።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትገጥሚው ውሃ መሙያውን ነው፤ ኤ.ቲ.ኦ የሚሉትን። ሴንሰሩን ፓምፑ ያለበት ክፍል ውስጥ ለጥፊው፤ ሌላው ቦታ ከፍታው ስለማይለወጥ ምንም አይነግርሽም። የምትሞዪው አር.ኦ.ዲ.አይ የሚሉት፣ ፈጽሞ የተጣራ ውሃ ይሁን። የቧንቧ ውሃ ውስጥ መዳብ ካለ፣ በጣም ጥቂቱ እንኳ ሽሪምፖቹንና ቀንድ አውጣዎቹን ሊፈጅብሽ ይችላል።

አሁን ደግሞ ስለ ጀሪካኑ። ለሦስት ሳምንት ይበቃኛል ብለሽ 20 ሊትሩን እንዳዘጋጀሽ አይቻለሁ፤ መልሺው። ሴንሰሩ ላይ አልጌ ቢያድርበት ወይም ተንሳፋፊው በቀንድ አውጣ ቢያዝ፣ መሣሪያው ውሃው ጎድሏል ብሎ ጀሪካኑ ባዶ እስኪሆን ይጨምራል። ጨዋማነቱ ከ25 በታች ይወርዳል፤ ከገንዳው አፍ የተረፈውም ወለልሽን አበስብሶ ታች ጎረቤትሽ ጣሪያ ላይ ይወጣል። መያዣው የሚይዘው አራት ሊትር ብቻ ከሆነ ግን፣ ሁሉም ቢገባ ጨዋማነቱ 32 ገደማ ላይ ይቆማል። ኮራሎቹ ይከፋቸዋል፣ ይጨማደዳሉ፤ ግን ይተርፋሉ። በየአራት ቀኑ መሙላቱ ሥራ ሆኖ አይታይሽ፤ ስትሞዪ ገንዳውን ቀርበሽ ታዪዋለሽ፣ እሱ ራሱ ትልቅ ጥቅም ነው።

የቱቦው ጫፍ ውሃ ውስጥ አይግባ። መያዣው ከገንዳው ከፍ ብሎ ከተቀመጠ፣ ጫፉ ውሃ ውስጥ ባይገባም ሞተሩ ሲቆም ውሃው በራሱ መውረዱን ይቀጥላል፤ ስለዚህ መያዣውን ከገንዳው በታች አስቀምጪው። መያዣው ታች ሆኖም ጫፉ ውሃ ውስጥ ከጠለቀ ግን የጨው ውሃው ተመልሶ ወደ እሱ ይሳባል። ጫፉን ከውሃው በላይ አድርገሽ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጥፍር አድርገሽ እሰሪው። ገንዳው ላይ ከመግጠምሽ በፊትም ባልዲ ላይ ሞክሪው፤ ሴንሰሩን ከውሃ አውጪው፣ መልሰሽ ንከሪው፣ መቆሙን በዓይንሽ እዪ።

ሁለተኛው ማሞቂያው ነው። ማሞቂያ ሲበላሽ ጠፍቶ የሚቀርበት ጊዜ አለ፣ በርቶ የሚቀርበትም ጊዜ አለ፤ የሚያስፈራኝ ሁለተኛው ነው። ለዚህ ገንዳ 50 ዋት ይበቃል። መቶውን አትግዢ፤ ተጣብቆ በርቶ ቢቀር 50ው ውሃውን ለማቃጠል ረጅም ሰዓት ይፈጅበታል፣ አንቺም እስክትደርሺ ጊዜ ታገኛለሽ። ከውጭ የሙቀት መቆጣጠሪያ ጨምሪበት፤ እንደ ኢንክበርድ ያለው ዋጋው አይጎዳም። መቆጣጠሪያውን 78 ፋራናይት ላይ፣ የማሞቂያውን የራሱን ቴርሞስታት 80 ላይ አድርጊ። አንዱ ቢከዳሽ ሌላው ይይዘዋል። ማሞቂያው ውሃው ከፍ ዝቅ በማይልበት፣ ከፓምፑ በፊት ባለው ክፍል ይቁም፤ ግማሹ ከውሃ ውጪ ሆኖ ከሠራ ሊሰነጠቅ ይችላል። የመቆጣጠሪያውን የሙቀት መለኪያ ሽቦ በመምጠጫ ጎማ ብቻ አትመኚው። ጎማው ሲደርቅ ይለቃል፤ መለኪያው ከገንዳው ወጥቶ የክፍሉን ብርድ ሲለካ መሣሪያው ውሃው ቀዘቀዘ ብሎ ሲያሞቅ ያድራል። እሱንም እሰሪው።

ማጣሪያው ብዙ ወሬ አይፈልግም። አብሮ የመጣውን ወፍራም ስፖንጅ አውጪው፤ ቆሻሻውን ይዞ እያበሰበሰ ናይትሬት ይጨምርብሻል። በምትኩ ሆም ዲፖ ሄደሽ የጣሪያ መብራት የሚሸፈንበትን፣ ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ነጭ ፕላስቲክ ግዢ። በፒንሳ ቁረጪው፤ ስትቆርጪ ስብርባሪው ይፈናጠራልና መነጽር አድርጊ። በጓዳው ልክ ትንሽ ቅርጫት ሥሪለት፣ ከላይ የማጣሪያ ጥጥ፣ ከሥር የማጣሪያ ከሰል (አክቲቬትድ ካርቦን)። ጥጡን በሁለት በሦስት ቀን ቀይሪው። ካላደረግሽው እሱም ያው ስፖንጅ ነው።

የምታጣብቂው ነገር ካለ ሻጋታ መከላከያ ያልተጨመረበት መቶ በመቶ ሲልከን ይሁን፣ የኮምጣጤ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋም ውሃ አታስነኪው። የብረት ማሰሪያና ብሎን ውሃው አጠገብ አይድረስ፤ «አይዝግም» የተባለውም ጨው ውሃ ላይ ይዝጋል። መስታወቱን ልብሳ ካልሽ ደግሞ አቁሚ፤ ቴምፐርድ መስታወት ከሆነ መሰርሰሪያው እንደነካው ተፈረካክሶ ይወርዳል።

ፓምፑን በጉልበተኛ ልለውጥ ያልሽው ይቆይ። ፍርግርጉ የሚያሳልፈው ውሃ ልክ አለው፤ ፓምፑ ከዚያ በላይ ከጎተተ የኋላው ክፍል ይደርቅና ገንዳው ደቃቅ አረፋ ይሞላል። ኮራሎቹ ውሃው እንዲያወዛውዛቸው ከፈለግሽ ከፊት ትንሽ የማዕበል ፓምፕ አስቀምጪ። የሁሉንም ገመድ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ረገብ አድርጊው፤ በገመዱ ላይ የሚወርደው ጠብታ እዚያ ታች ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ሶኬቱም ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚያቋርጠው፣ ጂ.ኤፍ.ሲ.አይ የሚሉት ይሁን። እጅሽን ጨው ውሃ ውስጥ የምትነክሪው አንቺ ነሽ፣ ይሄን ለነገ ልታሳድሪው አይገባም።

ወደ ምላጩ እንመለስ። ከኋላ ጓዳ መብራት አስገብተሽ ኬቶ የሚሉትን አልጌ ማሳደጉ ናይትሬቱንና ፎስፌቱን ይቀንስልሻል። ሌሊት ካበራሽለት ደግሞ የፊቱ መብራት ሲጠፋ የሚከማቸውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚጠቀምበት ፒ.ኤች.ው ብዙ አይወርድም። ላንቺ ቤት ይሄ ትርጉም አለው፤ እሑድ መስኮት ተዘግቶ፣ ከሰሉ ተቀጣጥሎ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ቡና ተፈልቶ ስምንት ሰው ሲቀመጥ የክፍሉ አየር ይከብዳል፣ ገንዳው የሚተነፍሰውም ያንኑ አየር ነው። ዕጣኑን ተዪ አልልሽም፤ መስኮቱን ገርበብ አድርጊው፣ ከሰሉ ለእናንተም ጥሩ አይደለም። ግን አዲስ ገንዳ ውስጥ ኬቶ የሚበላው ገና አልተጠራቀመም። ናይትሬትና ፎስፌት ዜሮ ሲገቡ ደግሞ ዳይኖ የሚሉት ቡናማ ዝልግልግ ነገር ይነግሣል፤ እሱን ማስለቀቅ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ለጥቂት ወራት ለኪ፣ ናይትሬቱ ከፍ ማለት ሲጀምር ያኔ እንፍቀዋለን። እሱም ልጣፉ ከመስታወቱ ውጪ የተለጠፈ ከሆነ ነው። ምላጩን ከማዕዘኑ ሲልከን አርቂው፤ እሱን ከነካሽ ገንዳው ያፈሳል።

የፊቱን መብራት የመጨረሻ አድርጊው። አዲሱን ስትሰቅዪ ከ30 በመቶ ጀምረሽ በየሳምንቱ በጥቂቱ ጨምሪ። ኮራሉ መንጣት ከጀመረ ውስጡ የሚኖሩትን፣ ምግብ የሚሠሩለትን ደቃቅ አልጌዎች እየለቀቀ ነው፤ ወዲያው ዝቅ አድርጊው። ክዳኑን ስታነሺም ባዶውን አትተዪው፤ ፋየርፊሽና ጎቢ የሚባሉት ዓሦች ይዘላሉ፣ ጠዋት ወለል ላይ ደርቀው ታገኛቸዋለሽ። ቀጭን መረብ በመስኮት ፍሬም ወጥሪበት።

አንድ የቀረኝ ነገር ዞአንተስ የሚሏቸው ኮራሎችሽ ናቸው። ስትቆርጪያቸውም ሆነ ቦታ ስትቀይሪያቸው ጓንትና መነጽር አድርጊ። አንዳንዶቹ ውስጥ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አለ። የተጣበቁበትን ድንጋይ አትቀቅዪ፣ በሙቅ ውሃም አትፈትጊ፤ በእንፋሎቱ ቤተሰብ ሙሉ ሆስፒታል የገባበት ጊዜ አለ። ከነካካሻቸው በኋላ ትኩሳት፣ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣብሽ ዝም ብለሽ አትተኚ፤ ድንገተኛ ክፍል ሂጂና ምን እንደነካሽ በስሙ ንገሪያቸው፣ ካልነገርሻቸው ጉንፋን ሊመስላቸው ይችላል።