«የሰፈሩ ነው»፦ የካዛንቺስ ውሻ፣ የሰው ንባብና የእብድ ውሻ በሽታ

ውሻና ሰው እንዴት እንደሚግባቡ የሚመረምረው ጥናት ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት በእጅጉ ሰፍቷል። ይሁንና ከማስረጃው አብዛኛው የተሰበሰበው አንድ ባለቤት ካላቸው፣ ቤት ውስጥ ከሚያድሩና በስማቸው ሲጠሩ ከሚመጡ ውሾች ነው። ብዙው የአዲስ አበባ ውሻ እንዲህ አይኖርም። እንደ ካዛንቺስ ባሉ የቆዩ የቂርቆስ ሰፈሮች አንዱ ውሻ ቀን በግቢ በር ላይ ተኝቶ ይውላል፣ ማታ ከሥጋ ቤት ደጅ ይቆማል፣ ሌሊት ዘበኛውን ያጅባል። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ቢጠየቅ የሚሰጠው መልስ «የሰፈሩ ነው» የሚል ነው። እንዲህ ያለ ውሻ የሚግባባው ከማን ጋር ነው? ሰፈሩ ሲፈርስስ መግባባቱ ምን ይሆናል? ጥያቄው ከእንስሳት ጠባይ ጥናት አልፎ የእብድ ውሻ በሽታን ከመቆጣጠር ጋር የሚገናኝ መሆኑን ማሳየት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

የመስኩ መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው ብራያን ሄርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት ነው። ምግብ ከሁለት ዕቃዎች በአንዱ ሥር ይደበቃል፤ ሰውየው በጣቱ ወይም በዓይኑ ይጠቁማል። ውሾች ጥቆማውን ተከትለው ምግቡን በማግኘት ከቺምፓንዚዎችም፣ በሰው እጅ ካደጉ ተኩላዎችም በልጠው ተገኙ። በቀጣዩ ዓመት የሃንጋሪው አዳም ሚክሎሺና ባልደረቦቹ የመግባባቱን ሌላ ገጽ አሳዩ፤ ውሻ ሊፈታው የማይችለው ችግር ሲገጥመው ዞር ብሎ የሰውን ፊት ያያል፣ ተኩላ ግን ከዕቃው ጋር ብቻውን ይታገላል። ችሎታው ከለማዳነት ታሪክ የተወረሰ ነው ወይስ ከሰው ጋር በመኖር የሚገኝ ልምድ ነው የሚለው ክርክር ግን እስካሁን አልተዘጋም። ሞኒክ ዩዴልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2008 በደንብ ከሰው ጋር የተላመዱ ተኩላዎች ጥቆማን እንደሚከተሉ፣ በእንስሳት መጠለያ የሚኖሩ ውሾች ግን እንደሚቸገሩ አስነብበዋል። ለአዲስ አበባ ተመራማሪ ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ሁለተኛው ወገን ነው። ውሻ የሰውን ምልክት የሚያነበው ካሳለፈው ኑሮ ተነሥቶ ከሆነ፣ የካዛንቺስን ውሻ ለመረዳት የካዛንቺስን ኑሮ ማጥናት ግድ ይላል።

ለሰፈር ውሻ የቀረበ ማስረጃ የሚገኘው ከሕንድ ነው። በኮልካታ የሚገኙ ተመራማሪዎች ባለቤት የሌላቸውን የጎዳና ውሾች በመንገድ ላይ ፈትነዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ጥናታቸው ወደ ፈታኙ ከቀረቡት ውሾች አምስት እጅ አራቱ ያህሉ ጣት ወደ ጠቆመው ዕቃ ሄዱ፤ ማንም አላሠለጠናቸውም። በአንጻሩ ከጠቅላላው ግማሽ የሚሆኑት ጭራሹን አልቀረቡም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የወጣው ሥራቸው ደግሞ እነዚሁ የጎዳና ውሾች የወዳጅነት፣ የቀላል ማስፈራሪያና የዱላ ምልክትን ለይተው ምላሻቸውን እንደሚያስተካክሉ አመልክቷል።

በዚህ ረገድ አዲስ አበባ የራሷ ምልክት አላት። መንገደኛ ውሻ ሲመጣበት ድንጋይ እንደሚያነሣ ሰው ጎንበስ ይላል። መሬቱ አስፋልት ሆኖ ድንጋይ ባይኖርበትም ያው ነው፤ ውሻው ገና እጅ መሬት ሳይነካ ይሸሻል። ድርጊቱ ተራ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም፤ ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች ትርጉሙን የሚያውቁት፣ በከተማው ኑሮ የተቀረጸ የመግባቢያ ምልክት ነው። የጫማውን ማሠሪያ ለማሰር ያጎነበሰ ሰው ሳያውቅ ተመሳሳይ መልእክት ያስተላልፋል። አንድ ውሻ ለጉንበሳው የሚሰጠው ምላሽ ድንጋይ ከሚወረወርበት መንገድና ከሚመገብበት ግቢ አንጻር መለያየት አለመለያየቱ ያለ ብዙ ወጪ ሊለካ የሚችል ጉዳይ ነው።

ሰውስ ውሻን እንዴት ያነባል? የሃንጋሪው ፔተር ፖንግራትስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 የተቀዱ የውሻ ጩኸቶችን ለሰዎች አሰምተው ነበር። አድማጮቹ ውሻ ኖሯቸው የሚያውቁም ሆኑ የማያውቁ፣ ጩኸቱ በእንግዳ ላይ የተሰማ፣ በጨዋታ ላይ የተሰማ ወይም ብቻውን የቀረ ውሻ መሆኑን በግምት ከሚገኘው በላይ ለይተዋል። ወፍራም፣ ሻካራና ተከታትሎ የሚወጣ ጩኸት ቁጣ ተብሎ ይሰማል፤ ቀጭንና ዘለግ ባለ ዕረፍት የሚወጣው ፍርሃት ወይም ጭንቀት። ፊትን ማንበብ ግን የባህል ነገር አለበት። ፌዴሪካ አሚቺና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2019 በአውሮፓና በሞሮኮ ያደጉ ሰዎችን አወዳድረው፣ ውሻ በበጎ ዓይን በሚታይበት ባህል ያደጉ አዋቂዎች ራሳቸው ውሻ ባይኖራቸውም እንኳ የውሻን ስሜት ከፊቱ ምስል በተሻለ እንደሚለዩ አሳይተዋል። ቁጣና ደስታን ልጆችም ሳይቀሩ ይለያሉ፤ እንደ ፍርሃት ያለው ግን ከዕድሜና ከአካባቢ የሚገኝ ዕውቀት ነው።

በአማርኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብ ውሻ ያለው ቦታ ሁለት ፊት አለው። ቤት ይጠብቃል፣ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን እንዲገባ አይፈቀድለትም፤ ስሙም ለስድብ ይውላል። «ውሻ በበላበት ይጮሃል» የሚለው አነጋገር አብዛኛውን ጊዜ ለጥቅሙ ለሚሟገት ሰው ይነገራል። ቃል በቃል ሲወሰድ ግን ትክክለኛ የእንስሳት ጠባይ ምልከታ ነው፤ የውሻው ጩኸት ከሚመገብበት ቦታና ከሚመግቡት ሰዎች ጋር የተቆራኘ መሆኑን ይናገራል።

የጤናው ጉዳይ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶ ያህሉ በውሻ የሚተላለፍ ሲሆን፣ በሽታው አለበት ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶ የሚሆኑት ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው ገዳይ ነው ማለት ይቻላል። በበሽታው በተያዘ ውሻ ላይ ቀድሞ ከሚበላሹት ነገሮች አንዱ ደግሞ ከሰው ጋር ያለው መግባባት ነው። የጉሮሮ ጡንቻ ስለሚሽባ ድምፁ ይለወጣል፤ የሚያውቃቸውን ሰዎች እንደ እንግዳ ያያል፤ ሳያጉረመርም ይነክሳል፤ አንዳንዱም ዓይናፋር የነበረው ያለ ልማዱ ሰው ይጠጋል። እነዚህ ሁሉ «ለውጦች» ናቸው፤ ለውጥን የሚያየው ደግሞ የቀድሞውን የሚያውቅ ብቻ ነው። ለመንገደኛ ሻካራ ጩኸት ሻካራ ጩኸት ነው። የዚያን ውሻ ድምፅ ለዓመታት ሌሊት ሌሊት ለሰማ ዘበኛ ግን ማስጠንቀቂያ ነው።

ከንክሻ በኋላም ይኸው ዕውቀት ይፈለጋል። ቁስሉ ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ታጥቦ ተነካሹ ወደ ሕክምና ከሄደ በኋላ፣ ጤነኛ የሚመስለው ውሻ ለ10 ቀናት በክትትል ሥር እንዲቆይ ይመከራል። በእነዚህ ቀናት ጤናው ሳይታወክ ከቆየ በነከሰበት ጊዜ በሽታውን አያስተላልፍም ነበር ማለት ነው። ይህ አሠራር የሚቻለው ግን የነከሰው የትኛው ውሻ እንደሆነና የት እንደሚውል የሚናገር ሰው ሲኖር ነው። ባለቤት በሌለበት ይህን መዝገብ የሚይዘው ሰፈሩ ነው።

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ኢንቺስ ከተባለው ተቋም ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ» የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በተከማቹት ግቢዎችና የቀበሌ ቤቶች ሰዎች በአንድ በር እየገቡ ለትውልድ ኖረዋል። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ግን በኮሪደር ልማቱ የሰፈሩ ሰፊ ክፍል ፈርሶ ብዙ ነዋሪዎች ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ ቦታዎች ተዛውረዋል። የመልሶ ማልማት ጥናቶች ስለ ቤት፣ ስለ ገቢና ስለ ዕድር መፈራረስ ይጠይቃሉ፤ በግቢው በር ስለሚተኛው ውሻ የሚጠይቅ መጠይቅ ግን ብርቅ ነው። ሊቃለል የሚችል ነገር ቢመስልም አይደለም። ወደ ኮንዶሚኒየም የሚገባ ቤተሰብ የጋራ ውሻን ይዞ ለመሄድ መብትም ቦታም የለውም፤ የቀረው ውሻ የሚያነበው ፊት ያጣል፤ በፍርስራሹ ዙሪያ የሚያልፈው ሠራተኛና ተማሪ ደግሞ የዚያን ውሻ ጤነኛ ጠባይ አይቶ አያውቅም።

ስለዚህ ጥናቱ ቢጀመር የሚሻለው ከቤተ ሙከራ ሳይሆን ከማዳመጥ ነው። በቂርቆስ ገና ካልፈረሱ ግቢዎች የውሾች ጩኸት ተቀድቶ ለሦስት ወገኖች ማሰማት ይቻላል፤ በዚያው ለሚኖሩ፣ ከዚያው ለተነሡና ሰፈሩን ለማያውቁ። ከጩኸቱ ዓይነት በተጨማሪ «የማን ውሻ ነው?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል፤ የፖንግራትስ ጥናት ያነሣው የጩኸቱን ምክንያት የመለየት ችሎታ ነበርና፣ የሰፈር ሰው ግለሰቡን ውሻ በድምፁ ያውቀዋል ወይ የሚለው ለብቻው መለካት አለበት። ከተነሡት ነዋሪዎች የሚገኘው መልስ በትዝታ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ይህ ክፍል ሊዘገይ አይችልም። የውሾቹም ዕድሜ አጭር ነው።